የጓሮ በሮችን የዘጋንበት ዘመን

ግንበኛ ሆኖ ያረጀ ሰው አንድ ሕንጻ ውስጥ ሲገባ እንደ ሌላው ሰው ወለሉንና መብራቱን አያይም። እኔ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው፤ ስንት እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚከፈት፣ ከኋላ ሌላ መውጫ ይኖር እንደሆነ። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሕሊና «ቢሮዬን ላሳይዎት» ብላ ባምቢስ አጠገብ ወዳለ አንድ ረጅም ሕንጻ ወሰደችኝ። ከፊት ለፊቱ ሰው የሚያህሉ የሲሚንቶ አበባ መትከያዎች ተደርድረዋል፤ አበባ ግን የለባቸውም፣ መኪና ዘሎ እንዳይገባ ነው የተቀመጡት። በሩ ላይ አንድ ወጣት ዘበኛ «አባት፣ ይቅርታ፣ እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» አለና ኮቴን፣ ወገቤን፣ ኪሴን ዳበሰ። ከዘራዬን ተቀብሎ ገልብጦ አየው። ልጁ ትሑት ነው፤ አልተቀየምኩትም። ብቻ ደከመኝ። ፎቅ ወጥተን ሕሊና ጠረጴዛዋ ላይ የዘረጋችውን የአዲስ ሕንጻ ፕላን ስታሳየኝ «መግቢያው አንድ ብቻ ነው?» አልኳት። «አዎ አባባ፣ ማለቴ፣ ባለቤቱ ሴኩሪቲ ይፈልጋል። ሰው ሁሉ በአንድ በኩል ገብቶ በአንድ በኩል ከወጣ ለመቆጣጠር ይቀላል፣ በቃ። አጥሩንም ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ መደበቂያ እንዳይሆን» አለችኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ይሄን ፕላን አውቀዋለሁ» ስላት ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏታል። የዚያን ቀን ልነግራት አልቻልኩም። ረጅም ነገር ነው፤ እኔም ከሰማንያ ካለፍኩ ቆየሁ፣ ረጅም ነገር ስናገር ትንፋሼ ያጥረኛል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ያኔ ካዛንቺስ ገና ካዛንቺስ አልተባለም ነበር። ጣልያኖቹ ለሹማምንታቸው ከኮረብታው ላይ ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ለቤቶቹ የሰጡት የራሳቸው ስም በእኛ አፍ ተንከባሎ ተንከባሎ ነው ካዛንቺስ የሆነው። የእኛ ሰፈር ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ጎጆዎችና የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት፣ በቁልቋልና በቅትክታ አጥር የተከፋፈለ፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ጓሮ እየተሹለከለኩ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ዋናውን መንገድ ሳይረግጡ የሚያቋርጡበት መንደር ነው። ሴቶቹ እሳት የሚበዳደሩት በጓሮ ነው። የተጣላ የሚታረቀው በጓሮ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ አንድ ወታደር የጣለውን ካኪ ቁምጣ እለብሳለሁ፣ በእግሬ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በርባሶ አደርጋለሁ፣ እንዲህ ሆኜ ራሴን እንደ ዘናጭ እቆጥር ነበር። የጨዋ ልጆች የሚባሉት ደግሞ የአቡጀዲ ሱሪያቸውን በሰማያዊ ውሃ አጥበው፣ ነጩ እስኪያሳሳ ድረስ አድርቀው ይለብሳሉ። የወረቀት ሊሬ ነበር የሚከፍሉን። አሮጊቶች «ይሄ በእሳት የሚጠፋ ነገር ገንዘብ ነው?» እያሉ አንቀበልም ይላሉ፤ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ዶሮዋን በሊሬ ከምትሸጥ ይዛት ወደ ቤቷ ስትመለስ አይቻለሁ። ማታ ማታ ከኮረብታው በኩል የሸክላ ሙዚቃ ይሰማል፤ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ እያለቀሰች የምትዘፍን ይመስለን ነበር። ዛሬ በዚያ ስፍራ የመስታወት ሕንጻ ቆሟል። ባለፈው በታክሲ ሳልፍ የእናቴ ቤት የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ሞክሬ አቃተኝ።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ሽኩር ይባላል። አገሩ ስልጤ ነው፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ከአረብ ግንበኞች ሥር ሆኖ ነው የተማረው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆቡን ከራሱ የማያወልቅ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ድንጋይ ሲመርጥ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ውስጡ የተሰነጠቀውን በድምፁ ይለየዋል። አባቴ በዚያ ክፉ የካቲት፣ ቦምብ ተወርውሮ ከተማው በሙሉ በነደደበት ጊዜ፣ ደጃፋችን ላይ ሲገደል፣ ሬሳውን ከእኔ ጋር ያነሣው ጋሽ ሽኩር ነው። ከአርባው በኋላ ቤታችን መጥቶ እናቴን «ልጁን ስጪኝ፣ ሥራ ላስተምረው» አላት። ከዚያ ወዲህ ከእሱ አልተለየሁም። ሁለታችንም የምንሠራው ከኮረብታው ላይ የሹማምንቱን ቤት ነው። ሌላ ሥራ አልነበረም፤ አለመሄድም አይቻልም።

ከየካቲቱ በኋላ ጣልያኖቹ ጥላቸውን ይፈሩ ጀመር። አዲሶቹን ቤቶች የሚቆጣጠር አንድ መሐንዲስ ነበራቸው፤ ሰፈሩ «ሲኞር ሜትር» ብሎ ይጠራዋል፣ ከኪሱ ሜትር ስለማይለይ። ወባ ያጠቃው፣ ቢጫ ፊት ያለው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ጥቂት አማርኛ ይሞክራል። አንድ ቀን ከጋሽ ሽኩር አጠገብ ቆሞ ወደ እኛ ሰፈር ቁልቁል እያየ «ሽኩር፣ እኔ ጠመንጃ አልፈራ። አጥር እፈራ» አለው። ጋሽ ሽኩር ድንጋዩን ማንኳኳቱን ቀጠለ። ሰውየው ወደ ቁልቋሉ እየጠቆመ «ኋላ ማን አለ? አይታወቅ። እንቅልፍ የለኝ» አለ። በሳምንቱ ወረቀት ዘርግቶ መጣ። ሰፈራችንን ከነጎጆው፣ ከነዛፉ ሥሎታል። አሥሬ ታጥፎ የተዘረጋውን ያንን ወረቀት ዛሬም አየዋለሁ።

በዚያ ወረቀት መሠረት መጀመሪያ አጥሮቹ በሙሉ ተመነጠሩ። ቁልቋል የለ፣ ቅትክታ የለ፣ ከጉልበት በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ተቆረጠ። ከዚያ ከሰፈሩ ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ያሉት ባሕር ዛፎች ወድቀው ቦታው ባዶ ሜዳ ሆነ። ቤቶቹ ላይ በኖራ ቁጥር ተጻፈ። ብዙዎቹ የጓሮ መተላለፊያዎች በእሾሃማ ሽቦ ተዘጉና አንድ መውጫ ብቻ ቀረ፤ እዚያ ላይ ኬላ ቆመ፣ አስካሪ የሚሉት ከሌላ አገር ያመጡት ቅጥር ወታደር ተቀመጠ፣ ይለፍ ወረቀት የሌለው አያልፍም። በመጨረሻ የመጣው ትእዛዝ ግን የከፋው ነበር። እያንዳንዱ ቤት በመንገድ በኩል ያለው አንድ በር ብቻ ይቀርለታል፤ የጓሮ በር በድንጋይና በኖራ ይዘጋል። ዘጊዎቹም ጋሽ ሽኩርና እኔ ሆንን። የሰፈሩ ሰዎች ስለሆናችሁ ይታዘዙላችኋል ተባለ። ጋሽ ሽኩርን ቢሮ አስገብተው አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አስነኩት። አስተርጓሚው «እያንዳንዱ ግንብ በአንገትህ ነው» አለው። ጋሽ ሽኩር ሲወጣ ጣቱን በአሸዋ ሲፈትግ ነበር፤ ቀለሙ ግን ለቀናት አልለቀቀም።

የገዛ ጎረቤትህን በር መዝጋት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሰዎቹ አይሰድቡህም። ዝም ብለው ከበሩ አጠገብ እቃቸውን ያነሣሉ፣ ወንበር ያወጣሉ፣ አንዳንዱም ውሃ ያቀብልሃል፤ ያ ነው የሚገድልህ። ድንጋይ የሚያመላልሱት የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። በሸክም ላይ ሆነው ራሳቸው ያወጡትን ዜማ ያንጎራጉራሉ፦

«ለሰው ቤት ሲገነባ ድንጋይ ስሸከም፣
ለኔማ ጎጆ በር እንኳ የለም።»

አስካሪዎቹ ትርጉሙ ስለማይገባቸው በጭብጨባ ያጅቧቸው ነበር። የእናቴ ቤት ተራ ሲደርስ እናቴ «የኔንም ልትዘጋው ነው?» አለችኝ። «ትእዛዝ ነው እማ» አልኳት። «እንግዲያው መጀመሪያ ብላ» ብላ ጎመን በእንጀራ አቀረበችልኝ። ጎመኑ በዚያው በር ወጥታ የምትቀጥፈው ነው። በላሁና ዘጋሁት። የመጨረሻዋን ድንጋይ ሳስገባ ቤቱ ጨለመ። እናቴ በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ ለኮሰች።

ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አልፎ እትዬ አስካለ ትኖር ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ የእግር የስፌት መኪና ያላት በሰፈሩ እሷ ብቻ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ የጣልያኖቹን ሸሚዝ ሳይቀር ትጠግን ስለነበር አንዳንዱ ሰው በክፉ ዓይን ያያታል። ወንድሟ ደምሴ ጫካ እንደገባ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እንጨት ሻጭ መስሎ እየመጣ እንደሚያያትም ይወራ ነበር። የእሷን በር ልዘጋ የሄድኩ ዕለት ጋሽ ሽኩር ኖራ ሊያስጭን ኮረብታው ላይ ቀርቶ ነበር። እትዬ አስካለ ከመኪናዋ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችና «በየነ፣ ና እስቲ። ይሄን በር በምን ነው የምትዘጋው?» አለችኝ።

«በድንጋይና በኖራ።»

«በጭቃ ዝጋልኝ።»

ደነገጥኩ። «እትዬ፣ ሰውየው እኮ አንድ በአንድ በፌሮ እየወጋ ነው የሚያየው።»

«ላዩን ኖራ አድርገዋ። ውስጡን ማን ያየዋል?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ለምን አትበለኝ» አለች፤ የስፌት ክር ገና ከጥርሷ አልወጣም ነበር። «ባታውቅ ይሻልሃል። እንቢ ካልክም አልቀየምህም። ግን ከዘጋኸው በኋላ እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው አሁን የምለምንህ።»

አባቴን አሰብኩ። ከፊት ለፊት በር ሲገቡበት በጓሮ በኩል ሊወጣ ይችል ነበር፤ እኛን ትቶ መውጣት አቅቶት ነው የቀረው። ስለ ጋሽ ሽኩር አውራ ጣትም አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤዋለሁ። አስቤው ነው ጭቃውን ያቦካሁት። ድንጋዩን በጭቃ ደረደርኩ፤ ከውጪ በኩል አራት ጣት የሚያህል ብቻ በኖራ ሞላሁና አለሰንኩት። ሲታይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያምር ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲኞር ሜትር አስተርጓሚውን አስከትሎ መጣ። ጋሽ ሽኩርና እኔ ከኋላ ነን። በየቤቱ ጓሮ ዞሮ ፌሮውን በድንጋዮቹ መካከል ይሰካል፤ ፌሮው ኳ ብሎ ይቆማል፤ ያልፋል። የእትዬ አስካለ ግንብ ላይ ሲደርስ ፌሮው ኳ አላለም። ገባ። አንድ ስንዝር ያህል ገብቶ ቆመ። ሰውየው ዘወር ብሎ አየን። ጋሽ ሽኩር ወደ ግንቡ ተጠግቶ በመዳፉ ዳሰሰውና፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «ኖራው ገና ነው ሲኞር። ትናንት ነው የተሠራው፣ እርጥበት ይዟል። ከነገ ወዲያ ፌሮው ይታጠፋል» አለ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ሲኞር ሜትር ፌሮውን ነቅሎ ጫፉን በሱሪው ጠረገው። ጎንበስ ብሎ ቢያየው ቀይ ጭቃ ያይ ነበር። ላብ ላብ ብሎታል፤ ወባው ተነሥቶበት ነበር መሰለኝ። የቤቱን ቁጥር ግንቡም ላይ በኖራ ጻፈና ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ።

ማታ ከጋሽ ሽኩር ጋር አብረን ተመለስን። ኬላውን ካለፍን በኋላ ነው «ስንት ነው?» ያለኝ።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ ጋሼ።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ «ጭቃው ጭድ አለው?» አለኝ።

«የለውም።»

«ጥሩ። ጭድ ካለው ቶሎ አይወድቅም።» ከዚያ በኋላ ስለዚያ በር አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ክረምት ገባ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ያ ግንብ አብጦ ይጋለጣል ብዬ እየተነሣሁ ማየት ሆነ ሥራዬ። አልተጋለጠም። የተጋለጠው ሰው ነው። አጥር ስለሌለ ማን ምን እንደቀቀለ፣ ማን ማን ጋ እንደገባ ከሩቅ ይታያል፤ ያየ ሰው ደግሞ ተጠይቆ ይናገራል ተብሎ ይፈራል። ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ። አንድ ሽማግሌ ሞተው ሬሳቸውን ለቂርቆስ ለማድረስ ሰፈሩን በሙሉ ዞረን በኬላው ነው ያወጣናቸው፤ አስካሪው ሬሳው ይለፍ ወረቀት አለው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላለቀሰም። የመንገድ መብራት ተተከለልን። ከዚያ በፊት መብራት ኖሮን አያውቅም፤ ሲመጣ ግን ማንም ደስ አላለውም። ዛሬ ወጣቶች መብራት ጠፋ ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

መስከረም ጠብቶ አደይ ካለቀ በኋላ ነው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከሹማምንቱ ቤት አጠገብ ከቆመ አንድ ካሚዮን ሥር ፈንጂ ተገኘ። አልፈነዳም። ወዲያው ኬላው ተዘጋና ወታደሮች ሰፈራችንን ከላይ ጀምረው ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። ጋሽ ሽኩርና እኔ ኮረብታው ላይ ከፍ ያለ ግንብ ላይ ነበርን። ሲኞር ሜትር ሜዳውን ያስመነጠረው ሁሉ ነገር ከላይ እንዲታይ ነው፤ ለእኛም ታየን። ወታደሮቹ አንዱን ቤት ጨርሰው ወደ ሌላው ሲገቡ፣ ሴቶች ደጅ ላይ ሲኮለኮሉ፣ ልክ በእጅ መዳፍ ላይ እንዳለ እናያለን። የእናቴን ቤት አለፉ። እትዬ አስካለ በር ሲደርሱ በጓሮዋ በኩል ድንገት አቧራ ቦለለ። ግንቡ ወደ ውጪ ተዘረገፈ። ከአቧራው ውስጥ አንድ ሰው ወጣ፤ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፣ ጥሎት ሮጠ።

ከዚያ ግንብ እስከ ወንዙ ድረስ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረችም። ያ ሜዳ ለዚህ ቀን የተሠራ ነው። ኬላው ላይ ያለው አስካሪ ተንበርክኮ ተኮሰ። ሰውየው ወደቀ። ተነሣ። እንደገና ተተኮሰ፤ እያነከሰ ሮጦ ከወንዙ አፋፍ ላይ ተወርውሮ ከዓይናችን ጠፋ። ድንጋይ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ጋሽ ሽኩር «ድንጋዩን አስቀምጠው» አለኝ ሳያየኝ። «ሥራህን ሥራ።»

ብዙ አልቆዩም። ሁለታችንንም ወስደው ከፈረሰው ግንብ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አቆሙን። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተሰብስቧል። እትዬ አስካለ እጇ ወደ ኋላ ታስሯል፤ ሻሿ ወድቆ ፀጉሯ ተበትኗል። አላለቀሰችም። ወደ እኔም አላየችም፤ ሆን ብላ ነው ያላየችኝ። አንድ መኮንን እየተንጎራደደ ይጮሃል። ሲኞር ሜትር ቁጢጥ ብሎ ከድንጋዮቹ መካከል ጭቃ አነሣና በጣቶቹ መካከል ፈረፈረው። ከዚያ አስተርጓሚው ጮክ ብሎ «ይህን በር የዘጋ ማነው?» አለ።

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የበርባሶዬን ቀዳዳ አያለሁ። አፌን ለመክፈት አስቤ ነበር፤ ይህን የምለው ለራሴ ጥብቅና ለመቆም አይደለም፣ ምክንያቱም አልከፈትኩትም። እናቴ ከሰዎቹ ኋላ ቆማለች። አባቴን ካጣች ገና ብዙ አልቆየም። አስተርጓሚው ሁለተኛ ሲጠይቅ ነው ጋሽ ሽኩር «እኔ ነኝ» ያለው።

«ብቻህን?»

«አለቃው እኔ ነኝ። ጣቴም ወረቀታችሁ ላይ አለ።»

መኮንኑ በእጁ ወደ አንገቱ አሳየ፤ ለመተርጎም የሚያስቸግር አልነበረም። ይሄኔ ሲኞር ሜትር ብድግ ብሎ በጣልያንኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ጋሽ ሽኩርን በንቀት እየጠቆመ፣ ጭቃውን እየበተነ፣ እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚናገረው። ምን እንዳለ አስተርጓሚው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነግሮኛል። «ይሄ ሰው ሽፍታ አይደለም፤ ሰነፍ ግንበኛ ነው። ኖራ ሰርቆ በጭቃ የሚሠራ መናኛ ነው። ሽፍታ ቢሆን እኔ አልነቃበትም ነበር?» ነው ያለው። ሊያድነው ነው ወይስ ግንቡን መርምሮ ያሳለፈው እሱ ስለሆነ ራሱን ሊያድን? ይሄን ስንት ዓመት አሰብኩት፤ አሁን ማሰቡም ሰልችቶኛል። በአዲስ አበባ ከእሱ የሚስተካከል ግንበኛ ያልነበረው ጋሽ ሽኩር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናኛ ተብሎ በሕይወት ቀረ። ገመዱ ቀረለትና ካሚዮን ላይ ጫኑት። ከከተማው እስር ቤት ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ሙቀቱ ሰው ወደሚገድልበት ቦታ እንደወሰዱት ሰማን።

ወሬው ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በማግስቱ ያንን በር መልሼ እንድዘጋው ታዘዝኩ። ዘጋሁት። በድንጋይና በኖራ፣ ጋሽ ሽኩር እንዳስተማረኝ አድርጌ፣ ፌሮ የማያስገባ አድርጌ ዘጋሁት። እትዬ አስካለ ተገርፋ ታስራ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ስትፈታ የስፌት መኪናዋ ተወስዶ፣ ቤቷ ጨልሞ ነው ያገኘችው።

ጣልያን የወጣ ሰሞን ሰው ሁሉ ባንዲራ ፍለጋ ሲሯሯጥ የእኛ ሰፈር መዶሻ ነበር የሚፈልገው። ማንም ትእዛዝ ሳይሰጥ ሰዎች የጓሮ በራቸውን መደብደብ ጀመሩ። እኔም መሮና መዶሻዬን ይዤ ከቤት ቤት ዞርኩ፤ የዘጋሁትን ሁሉ በእጄ ከፈትኩ። የእናቴን በር ስከፍት ብርሃኑ ወለሉ ላይ ወደቀና እናቴ እግሯን እዚያ ብርሃን ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ አልተነሣችም። የእትዬ አስካለ በር አስቸገረኝ። ሁለተኛ የዘጋሁት በመሆኑ ጠንክሮ፣ ቀኑን ሙሉ ወሰደብኝ። በዚያው ሳምንት ደምሴ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ግራ እግሩን እያነከሰ መጣ። «በጭቃ የዘጋልኝ ማነው?» ሲል እትዬ አስካለ እኔን አሳየችው። በሰው መካከል አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። «ይሄን ልጅ እወቁት! በድፍረቱ ነው የተረፍኩት!» አለ። ሰው አጨበጨበልኝ። ስለ ጋሽ ሽኩር ልናገር አስቤ ነበር። በኋላ እናገራለሁ አልኩ። በዚያ ሰሞን በሄድኩበት ሁሉ ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር፤ እኔም እቀመጥ ነበር።

ጋሽ ሽኩር የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ዛሬ ቡልጋሪያ በሚባለው አካባቢ እህቱ ቤት አርፏል ሲሉኝ ሮጬ ሄድኩ። ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ቆቡ አዲስ ነው፤ ሰውነቱ ግን አልቋል። ጣቶቹ ቆልመም ብለው አልዘረጋ ብለዋል። እግሩ ላይ ወደቅኩ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለ ምኑ?»

«ዝም ስላልኩ።»

ያኔም ቃል ቆጣቢ ነበር፤ እስር ቤት ደግሞ አባብሶበታል። «ተነሥና ተቀመጥ» አለኝ። «ብትናገር ሁለታችንንም ነበር የሚወስዱን፤ እናትህ ብቻዋን ትቀር ነበር። ደግሞ አንተን ለማዳን ብቻ መስሎህ እንዳይሆን። ፌሮው ሲገባ አይቻለሁ። በማግስቱ አፍርሰህ ሥራው ልልህ እችል ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። አላልኩህም። ግንቡ የእኔም ነው።»

ያን ጊዜ በደረቴ ውስጥ የቆየ ነገር የለቀቀኝ መሰለኝ። አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ» አለኝ ከዚያ። በቁጣ አልነበረም፤ ሲያሰላስለው የኖረ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረው። «ካሚዮኑ ላይ ሲያወጡኝ ዞር ብዬ ፈለግሁህ። አገኘሁህ። መሬት መሬት ታይ ነበር። አንዴ ቀና በል፣ አንዴ ቀና በል እያልኩ በልቤ ጠራሁህ። ወዴት እንደሚወስዱኝ አላውቅም፣ የማውቀውን ፊት አይቼ ልሂድ ብዬ ነበር። ካሚዮኑ እስኪታጠፍ ጠበቅሁህ። ለምን አላየኸኝም በየነ?»

ያኔም መሬት መሬት አየሁ። እሱ ትከሻዬን ተደግፎ ተነሣ። «ሥራ አለ ብለው ነግረውኛል። ና፣ ድንጋዩን አሳየኝ» አለኝ።

እስኪሞት ድረስ አብረን ሠራን። እጁ የግንበኛ ማንኪያ አልያዝ ስላለው እሱ ከዳር ተቀምጦ ድንጋይ እያንኳኳ ይመርጥልኛል፣ እኔ እገነባለሁ። አንድ ረድፍ በጨረስኩ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሳልጨርስ፣ ቀና እያልኩ አየው ነበር። እሱም ያየኛል። ያንን ጥያቄ ግን ሁለተኛ አልጠየቀኝም።